ሕጉን በክርስቶስ ያነበቡት ንጉሥ፦ የዐፄ ገላውዴዎስ ሕይወትና ምስክርነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በዚህች አነስተኛ ጽሑፍ የምናስታውሳቸው አባት መነኩሴ ወይም ጳጳስ አይደሉም፤ ንጉሥ ናቸው። ዐፄ ገላውዴዎስ ይባላሉ። በታሪክ ትምህርት ስማቸውን የምንሰማው ከጦርነት ጋር ነው። ይሁን እንጂ ከጦር ሜዳው ድል ይልቅ ለእኛ ለወጣቶች ይበልጥ የሚጠቅመን ሌላ ሥራ አላቸው። እርሱም በግእዝ የጻፏት፣ ብዛቷ ጥቂት ገጽ ብቻ የሆነ የሃይማኖት ምስክርነት ናት።

ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ ከጎፋ እስከ ላፍቶ ባለው ሰፈራችን፣ በትምህርት ቤት፣ በዩኒቨርሲቲ ማደሪያና በሥራ ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቀርብልናል። ክርስቲያን ከሆናችሁ ቅዳሜን ስለ ምን ታከብራላችሁ? ወንድ ልጅ ስለ ምን በስምንተኛው ቀን ይገረዛል? የእሪያ ሥጋ ስለ ምን አትበሉም? ታዲያ ከኦሪት መቼ ወጣችሁ? እያሉ ይጠይቁናል። ከመካከላችን አንዳንዱ አፍሮ ዝም ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ተቆጥቶ ጠያቂውን ይዘልፋል። ዐፄ ገላውዴዎስ ከ450 ዓመት በላይ አስቀድሞ እነዚህኑ ሦስት ጥያቄዎች በተጠየቁ ጊዜ አላፈሩም፣ አልተሳደቡምም፤ ተቀምጠው መልስ ጻፉ እንጂ። ያ መልስ ከምን ዓይነት ሕይወት እንደ ወጣ ለመረዳት ከልጅነታቸው እንጀምር። ሌላ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

በስደት ያደገ ልጅነት

ገላውዴዎስ በ1514 ዓ.ም. ገደማ ከአባታቸው ከዐፄ ልብነ ድንግልና ከእናታቸው ከእቴጌ ሰብለ ወንጌል ተወለዱ። ልብነ ድንግል የዐፄ ናዖድ፣ ናዖድ የዐፄ በእደ ማርያም፣ በእደ ማርያም ደግሞ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ልጅ ናቸው። ይህን የዘር ሐረግ ልብ በሉ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሕፃኑ ልዑል ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው፣ በመጋቢት ወር 1521 ዓ.ም. ሽምብራ ቁሬ ላይ የአባታቸው ጦር በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት የእሳትና የስደት ነበሩ። ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ፤ በወርቅ ያሸበረቀው መካነ ሥላሴ ተቃጠለ፤ አክሱም ጽዮንም ከጥፋቱ አልተረፈችም። ንጉሡ ቤተ ሰባቸውን ይዘው ከተራራ ወደ ተራራ ተንከራተቱ። ታላቅ ወንድማቸው ፊቅጦር በጦርነቱ ሞቱ። ሌላው ወንድማቸው ሚናስ ተማርከው ባሕር ተሻግረው ወደ የመን ተወሰዱ። በመጨረሻም በመስከረም ወር 1533 ዓ.ም. ዐፄ ልብነ ድንግል በደብረ ዳሞ ገዳም ዐረፉ። ገላውዴዎስ በዐሥራ ስምንትና በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት መካከል፣ ማለት ዛሬ ከእኛ ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲ በሚገቡበት ዕድሜ ነገሡ። የነገሡትም ከተሞቹ በተቃጠሉበት፣ ጦሩ በተበተነበት አገር ላይ ነው።

እንግዲህ ገላውዴዎስ ስለ ሃይማኖት የተማሩት በሰላም ወንበር ላይ ተቀምጠው አልነበረም። በዚያ ዘመን ክርስትናን መያዝ ቤትን፣ ርስትን፣ አንዳንዴም ሕይወትን ያስከፍል ነበር። ብዙዎች በግድም በፍርሃትም እምነታቸውን ለውጠዋል። ወጣቱ ንጉሥ ሃይማኖታቸውን ሲጠየቁ ጠንቅቀው መመለስ የቻሉት ከልጅነታቸው ጀምሮ ዋጋውን ስላወቁት ይመስለኛል።

ባለ ውለታው ንጉሥ

ዐፄ ልብነ ድንግል ከመሞታቸው በፊት የፖርቱጋልን ንጉሥ እርዳታ ጠይቀው ነበር። እርዳታው የደረሰው እርሳቸው ካለፉ በኋላ ነው። በ1533 ዓ.ም. መጨረሻ የዝነኛው መርከበኛ የቫስኮ ዳጋማ ልጅ ክሪስቶፍ ዳጋማ 400 ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አስከትለው በምጽዋ በኩል ገቡ። እቴጌ ሰብለ ወንጌል ከደብረ ዳሞ ወርደው ተቀላቀሏቸው። ክሪስቶፍ ዳጋማ ግን በ1534 ዓ.ም. መጨረሻ ወፍላ ላይ ድል ሆነው ተማረኩና ተገደሉ፤ ከሰዎቻቸውም ብዙዎቹ አለቁ።

ከሞት የተረፉት ፖርቱጋሎች ከንጉሡ ጋር በሰሜን ተራሮች ተገናኙ። የካቲት 27 ቀን 1535 ዓ.ም. ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ወይና ደጋ ላይ በተደረገው ጦርነት ኢማም አሕመድ ሞቱ፤ ሠራዊታቸውም ተበተነ። በጦርነቱ ማግሥት ወጣቱ ንጉሥ የፈረሰውን ማነጽ፣ የተበተነውን መሰብሰብ ያዙ። ወንድማቸው ሚናስም በተማረከው በኢማሙ ልጅ ለውጥ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በመከራው ዘመን እምነታቸውን የለወጡትን ቤተ ክርስቲያን በንስሐ ተቀበለቻቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መገንዘብ አለብን። ዐፄ ገላውዴዎስ ለፖርቱጋሎች ታላቅ ውለታ አለባቸው። እነዚያ ሰዎች ደማቸውን አፍስሰውላቸዋል። ከሞት የተረፉትም በአገሪቱ ርስት ተሰጥቷቸው ተቀምጠዋል። ታዲያ ብዙም ሳይቆይ የውለታው ዋጋ ተጠየቀ። ጆአዎ ቤርሙዴዝ የተባሉ ፖርቱጋላዊ የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ተብዬ ተሾሜአለሁ አሉ፤ ንጉሡም ለሮማ ሊቀ ጳጳሳት እንዲገዙ ጠየቁ። ገላውዴዎስ ጥያቄውን አልተቀበሉም። እንደ አባቶቻቸው ሥርዓት ከእስክንድርያ ጳጳስ አስመጡ፤ አቡነ ዮሳብም መጡ። ከፖርቱጋሎች ጋር ግን ወዳጅነታቸውን አላቋረጡም፤ ወታደሮቹንም አላሳደዱም። ለውለታ የሚሰጠው ምስጋና፣ ለእምነት የሚሰጠው ደግሞ ታማኝነት መሆኑን ለይተው ያውቁ ነበር።

ጥያቄው ከየት መጣ?

የሰንበትና የግዝረት ጥያቄ በገላውዴዎስ ዘመን የተጀመረ አይደለም። በአገራችን ውስጥም ስለ ቀዳሚት ሰንበት ብዙ ክርክር ነበር። በ14ኛው ምእተ ዓመት አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ሁለቱም ሰንበታት፣ ቅዳሜና እሑድ፣ ይከበሩ ብለው በማስተማራቸው ከአገራቸው ወጥተው በአርመን አገር ዐርፈዋል። ደቀ መዛሙርታቸውም ለብዙ ዘመን ተገፍተው ኖሩ። ክርክሩ መፍትሔ ያገኘው ቀደም ሲል በዘር ሐረጉ ስማቸውን በጠራናቸው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ፣ በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ነው። ከግብፅ የመጡት ጳጳሳት አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤልም ተስማሙበት፤ ሁለቱ ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። ስለዚህ ገላውዴዎስ ስለ ቅዳሜ ሲጠየቁ የገዛ አባቶቻቸው የተከራከሩበትንና የወሰኑትን ነገር ነበር የተጠየቁት።

ከአገር ውጭም ጥያቄው ሰው አስለቅሷል። ዐፄ ልብነ ድንግል በ1518 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የላኳቸው ጸጋ ዘአብ የተባሉ ካህን ሊዝበን ከተማ ደርሰው ስለ ሰንበት፣ ስለ ግዝረትና ስለ ምግብ በመምህራን ተመረመሩ፤ ከዚያም የተነሣ ከቅዱስ ቁርባን ተከለከሉ። ካህኑ የአገራቸውን እምነት በጽሑፍ አስረዱ፤ ጽሑፋቸውም እ.ኤ.አ. በ1540 በላቲን ቋንቋ ታተመ። አስቡት፤ ሩቅ አገር በክርስቲያኖች መካከል እየኖሩ ክርስቲያን አይደለህም ተብሎ ከመሥዋዕቱ መከልከል እንዴት ያለ ኀዘን ነው!

በ1547 ዓ.ም. ደግሞ ጥያቄው ራሱ ቤተ መንግሥት ድረስ መጣ። ኢየሱሳውያን ከሚባለው ማኅበር ጎንሳሎ ሮድሪጌዝ የተባሉ ካህን ወደ ንጉሡ ቀርበው የሮማን እምነት የሚያስረዳና የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ስሕተት ያሉትን የሚዘረዝር ጽሑፍ አቀረቡ። በዚያው ዓመት የማኅበሩ መሥራች ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ከሮማ ለዐፄ ገላውዴዎስ ደብዳቤ ጽፈዋል። ከክሶቹ ዋናው ኢትዮጵያውያን በኦሪት ሕግ ተጠልፈው ወደ አይሁድነት ያዘነብላሉ የሚል ነበር።

ሦስት ጥያቄ፣ ሦስት መልስ

ንጉሡ በሰኔ ወር 1547 ዓ.ም. መልሳቸውን ጻፉ። ያን ጊዜ የሠላሳ ሦስት ዓመት ሰው ገደማ ነበሩ። የአጻጻፋቸው ቅደም ተከተል ራሱ ያስተምራል። ወዲያው ወደ ክሱ አልሮጡም፤ አስቀድመው ምሥጢረ ሥላሴን፣ ቀጥሎም ምሥጢረ ሥጋዌን መሰከሩ። ሐዋርያት ያስተማሩትን፣ በኒቅያ፣ በቁስጥንጥንያና በኤፌሶን የተሰበሰቡት አባቶች የወሰኑትን እምነት እንደሚይዙ ገለጹ። መሠረቱን ከጣሉ በኋላ ነው ወደ ሦስቱ ጥያቄዎች የመጡት። ይህም ሕጉን ከክርስቶስ አስቀድሞ ሳይሆን ከክርስቶስ ተነሥቶ ማንበብ እንደሚገባ ያሳየናል።

በመጀመሪያ ስለ ቀዳሚት ሰንበት መለሱ። የምናከብራት እንደ አይሁድ አይደለም አሉ። እነርሱ በዚያች ቀን ውኃ አይቀዱም፣ እሳት አያነዱም፣ ወጥ አይሠሩም፣ እንጀራ አይጋግሩም፣ ከቤት ወደ ቤትም አይሄዱም። እኛ ግን ቅዱስ ቁርባን እያቀረብንባት፣ በዲድስቅልያ አባቶቻችን ሐዋርያት እንዳዘዙን ማዕደ ፍቅር እያዘጋጀንባት እናከብራታለን ሲሉ አስረዱ። ደግሞም ከእሑድ ጋር እኩል አናደርጋትም አሉ። እሑድ ጌታ ከሙታን የተነሣባት፣ መንፈስ ቅዱስ በጽዮን ቤት ለሐዋርያት የወረደባት፣ ጌታም ዳግመኛ ለፍርድ የሚመጣባት አዲስ ቀን ናትና።

ወገኖቼ፣ ይህን መልስ ረጋ ብለን እናስተውለው። ንጉሡ ቅዳሜን አልሻሩም፤ ነገር ግን የምትከበርበትን ነገር ገለጡ። የሰንበት ምሥጢር እጅን ከሥራ መያዝ ብቻ ከሆነ የተኛ ሰው ሁሉ ሰንበትን አከበረ ማለት ነው። በንጉሡ ቃል ግን የሰንበት ልብ ቁርባንና ፍቅር ነው። ወደ እግዚአብሔር በመሥዋዕቱ መቅረብ፣ ወደ ሰውም በማዕድ መቅረብ ማለት ነው። ቅዳሜ ዕለት ቤት ተዘግቶ፣ የተራበ ጎረቤት በደጅ ቢያልፍ በውስጥ ያለው ሰው ሥራ ስላልሠራ ብቻ ሰንበትን አላከበረም። በዐቢይ ጾም እንኳ ቅዳሜና እሑድ ቅዳሴው በጠዋት የሚፈጸመው የሁለቱ ቀናት ክብር በመሥዋዕቱ ስለሚገለጥ መሆኑን እዚህ ላይ እናስታውስ።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ግዝረት ነበር። እዚህ ላይ መልሳቸው ፈጽሞ የተለየ ነው። ግዝረት ለመዳን ይጠቅማል ብለው አልተከራከሩም። መገዘርም አለመገዘርም እንደማይጠቅም፣ የሚጠቅመው በክርስቶስ አዲስ ፍጥረት መሆን እንደ ሆነ ቅዱስ ጳውሎስ ያስተማረውን እናውቃለን፤ መጻሕፍቱም ሁሉ በእጃችን አሉ አሉ። በእኛ ዘንድ ግዝረት የአገር ልማድ ነው፤ በኢትዮጵያና በኖባ ፊትን እንደ መብጣት፣ በሕንድ ሰዎችም ዘንድ ጆሮን እንደ መብሳት ያለ ነው ብለው ገለጹ። ይህ አነጋገር ዛሬም ደፋር ነው። ልማድን ልማድ ብሎ ለመጥራት የማይፈራ ሰው የሚድንበትን ነገር አጥብቆ የያዘ ሰው ብቻ ነው።

በሦስተኛ ስለ እሪያ ሥጋ መለሱ። የማንበላው የኦሪት ሕግ አስሮን አይደለም አሉ። የሚበላውን አንጸየፈውም፣ አናረክሰውም፤ የማይበላውንም ብላ ብለን አናስገድደውም። አንዱ ዓሣ ይወዳል፤ ሌላው ዶሮ ይወዳል፤ የበግ ሥጋ የማይቀምስም አለ፤ ሁሉም እንደ ልቡ ፈቃድ ይኑር አሉ። ለዚህም ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ስለ ምግብ ያስተማረውንና ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ሰውን ስለሚያረክሰው ነገር የተናገረውን ምስክር አድርገው አቀረቡ።

እንግዲህ ሦስቱን መልሶች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ሰንበትን በአምልኮ ተርጉመው አጸኑ፤ ግዝረትን ከልማድ ቈጠሩ፤ ምግብን ለነጻ ፈቃድ ተዉ። ሕግ ተብሎ የተጠራውን ሁሉ በአንድ ሚዛን አልመዘኑም። ሁሉንም በጅምላ አልጣሉም፤ ሁሉንም በጅምላ የመዳን ሁኔታ አላደረጉም። በየአንዳንዱ ውስጥ ክርስቶስ የት እንዳለ ጠየቁ። ቅኔ የሚማር ደቀ መዝሙር ሰሙን ሳይንቅ ወርቁን እንደሚፈልግ፣ ንጉሡም በሕጉ ፊደል ውስጥ ምሥጢሩን ፈለጉ።

አንዳንድ ወጣት ይህን ሲሰማ፣ ልማድ ከሆነማ ለምን አንተወውም? ሊል ይችላል። መልሱ ከንጉሡ ሕይወት ይገኛል። ገላውዴዎስ ልማዱን ለማፍረስ አልጻፉም፤ እርሳቸውም ሕዝባቸውም እንደ ያዙት ኖሩ። ነጻነት ማለት የአባቶችን ሥርዓት በፉክክር መጣስ ማለት አይደለም። ጓደኞቹ ፊት ለመታየት ሲል ብቻ የማይበላውን የሚበላ ሰው ከኦሪት ነጻ ወጣሁ ቢል ለሰው አስተያየት ባሪያ ሆኗል። በአንጻሩም አልበላሁም ብሎ የበላውን ወንድሙን የሚንቅ ሰው ከአፉ እሪያን ቢያርቅም በልቡ ትዕቢትን አስገብቷል። ሁለቱንም የንጉሡ መልስ ይገሥጻቸዋል።

ምስክርነቱን በሕይወት መፈጸም

ጽሑፉ ክርክሩን አላቆመውም። በ1549 ዓ.ም. አንድሬ ዴ ኦቪዬዶ የተባሉ የኢየሱሳውያን ኤጲስ ቆጶስ መጥተው ንጉሡን ለመመለስ ብዙ ደከሙ። ዐፄ ገላውዴዎስ በአካል ተቀምጠው ተከራከሯቸው፤ ከቃላቸውም አልተናወጡም። ኤጲስ ቆጶሱ አዝነውና ተቆጥተው ከፊታቸው ቢለዩም ንጉሡ እጃቸውን አላነሡባቸውም። የሃይማኖት ክርክር ወደ እስርና ወደ ደም በሚያደርስበት በዚያ ዘመን ይህ ትዕግሥት ቀላል አልነበረም።

በ1551 ዓ.ም. የሐረሩ አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ጦር ዘመተ። ንጉሡ በጥቂት ሠራዊት ገጠሙ፤ መጋቢት 27 ቀን፣ በሰሙነ ሕማማት፣ በጦር ሜዳ ወደቁ። ዕድሜያቸው ሠላሳ ሰባት ገደማ ነበር። ራሳቸው ተቆርጦ ወደ ሐረር ተወሰደ። መጋቢት 27 ቤተ ክርስቲያናችን የመድኃኔ ዓለምን ስቅለት የምታስብበት ዕለት መሆኑን ሁላችን እናውቃለን።

ምስክርነታቸው ግን አብሯቸው አልሞተም። በ17ኛው ምእተ ዓመት የግእዝን ቋንቋ ከኢትዮጵያዊው ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ያጠኑት ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ ወደ ላቲን መለሱት። ጸጋ ዘአብ ከቁርባን በተከለከሉበት በአውሮጳ ምድር የኢትዮጵያ ንጉሥ የጻፉትን ሊቃውንት አነበቡት።

አስከሬናቸው ያረፈው ራሳቸው ባሳነጿት በአማራ ሳይንት በምትገኘው በተድባበ ማርያም ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ተድባበ ማርያም ከክርስትና በፊት የኦሪት መሥዋዕት ይሠዋባቸው ከነበሩት ከአራቱ ቦታዎች አንዷ ናት። በእንስሳ ደም መሥዋዕት ይቀርብበት ነበር በሚባለው ስፍራ ዛሬ የክርስቶስ ሥጋና ደም ይሠዋል። ቦታው አልተጣለም፤ መሥዋዕቱ ግን በአማናዊው ተፈጽሟል። ንጉሡ ስለ ሰንበት በቃል የተናገሩትን ይህች ደብር በዐይን ታሳየናለች።

ለእኛ ለወጣቶች

ወንድሞችና እኅቶች፣ ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ይዘን እንሂድ። አንደኛ፣ የምናደርገውን እንወቅ። ቅዳሜና እሑድን፣ ጾሙን፣ በዓሉን ስንጠብቅ እናቴ እንዲህ ታደርጋለች ብለን ብቻ ከቆምን ጥያቄ ሲመጣ እንወድቃለን። መምህራኖቻችንን እንጠይቅ፤ መጽሐፍ እናንብብ። ሁለተኛ፣ ስንጠየቅ ከክርስቶስ እንጀምር። የተጠየቅነው ስለ ምግብ ቢሆንም መልሳችን ከሥላሴና ከሥጋዌ ይነሣ፤ ያን ጊዜ ምግቡ ተገቢ ቦታውን ያገኛል። ሦስተኛ፣ ሕጉን በወንድማችን ላይ ዱላ አናድርገው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በአንድ ክፍል የሚኖሩ ስድስት ተማሪዎች ረቡዕና ዓርብ ላይ የተለያየ ማዕድ ይቀርብላቸዋል። የሚጾመው የማይጾመውን ሳይንቅ፣ የማይጾመውም በሚጾመው ሳይሥቅ በሰላም ቢኖሩ ዐፄ ገላውዴዎስ የጻፉት በዚያች ክፍል ተፈጸመ ማለት ነው።

ቅዳሜ ማታ ወደ ሰርክ ጸሎት ስንሄድ፣ እሑድም በቅዳሴ ስንቆም ይህን እናስብ። ከቅዳሴውም በኋላ በሰፈራችን ማዕድ የሌለውን አንድ ሰው እናስብ። ሰንበት ማዕደ ፍቅር ናት ያሉትን ንጉሥ ማክበር በዚህ ይገለጣል።

የአባቶቻችን አምላክ በሕጉ ውስጥ ያለውን ምሥጢር ይግለጥልን፤ የምናውቀውንም በፍቅር ለመፈጸም ይርዳን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።